አየር ብቻ ነው የቀረን

ጓደኛዬ ከደማም ሐራጅ የገዛውን ሰማያዊ ሳጥን በትከሻው ተሸክሞ ገባና ወለሉ መሃል አስቀመጠው። ላቡን በክንዱ ጠረገ። ሁላችንንም ተራ በተራ አየን። «አለቀ በቃ» አለ፤ «አሁን የቀረን አየር ብቻ ነው።»

አየር ብቻ! ሳዑዲ፣ ኮበር፣ ቱቅባ ውስጥ ለአራት በተከራየናት ክፍል አንዲት የመስኮት ኤሲ አለችን፤ ስታስነጥስ እንጂ ስትተነፍስ ያየ የለም። እስከዚያች ሐሙስ ማታ ድረስ አየር ያጠረን እኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሳጥኑ የፕላዝማ መቁረጫ ነው። ባለቤቱ የኮምቦልቻ ልጅ ሲሆን ቱቅባ ሰናኢያ፣ ከኢንዱስትሪው ሰፈር፣ በአንድ የብረት ወርሻ ሰባት ዓመት የበየደ ሰው ነው። እናቱ ግቢ አጥሩ ቆሞ በሩ ቀርቷል። በሩን የሚሠራው እሱ ነው፤ ያውም ተራ በር አይደለም። በአንደኛው ተካፋች ላይ ጀበና፣ በሌላው ላይ ሲኒዎች ከነረከቦታቸው፣ ላሜራው ተቆርጦ ብርሃን እንዲያሳልፍ ሆኖ። በግራይንደር ሞከረው፤ ግራይንደር ቀጥታውን እንጂ ክቡን አያውቅምና ጀበናው ጀሪካን ሆኖ ወጣ። በኦክስጅን ሞከረው፤ ስሱ ላሜራ በሙቀት ተኮማትሮ የደረቀ ቂጣ መሰለ። «መድኃኒቱ ፕላዝማ ነው» ያለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። ባውቀው ኖሮ የኮምፕሬሰሩን ግማሽ እሱ ይከፍል ነበር።

እኔ ደማም የአንድ መጋዘን ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስጽፍ እውላለሁ። ቁጥር የሚጽፍ ሰው ደግሞ ቀስ በቀስ ዓለምን የሚያውቃት ይመስለዋል። ሳጥኑ በገባ በሰዓቱ መመሪያውን ይዤ አልጋዬ ላይ ወጣሁና ራሴን ሙሐንዲስ አድርጌ ሾምኩ።

ነገሩ ሲያነቡት ተረት ይመስላል። የታመቀ አየር አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች ቀዳዳ ታሾልከዋለህ፤ መንገድ ላይ ኤሌክትሪክ ትለቅበታለህ። አየሩ አየርነቱን ይረሳና ከ20,000 ዲግሪ በላይ የጋለ ቀጭን ጅራፍ ይሆናል። የፀሐይ ገጽ 5,500 ዲግሪ ገደማ ነው ይላሉ፤ ይህን ያነበብኩት ኮበር ተቀምጬ ስለሆነ የፀሐይዋን ለማመን ተቸግሬ ነበር። ብረቱን ያ ጅራፍ ያቀልጠዋል፤ የቀለጠውን ጠርጎ በወዲያኛው በኩል የሚያወጣውም ያው አየር ነው። ኦክስጅን ብረትን የሚቆርጠው አቃጥሎ ስለሆነ አሉሚኒየምና የማይዝግ ብረት ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ፕላዝማ ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፍ እንጂ የብረቱን ዘር አይጠይቅም። የዚህን መሣሪያ ፓተንት ሮበርት ጌጅ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1957 አውጥቶበታል። መመሪያው ውስጥ ከሁሉ ያስጨነቀችን ግን አንዲት መስመር ናት፦ በደቂቃ 180 ሊትር አየር፣ በ5.5 ባር።

ኮምፕሬሰር እኔ የማውቀው ከጎሚስታ ነው። ሰፈራችን ጎሚስታ ቤት ደጃፍ ላይ ቀለሙ የለቀቀ ቀይ ኮምፕሬሰር ነበር፤ ዱግ ዱግ ሲል መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ እኛ ልጆቹ ኳስ ልናስነፋ እንሰለፋለን። ጎሚስታ አንድ ጎማ ነፍቶ ያቆማል። ሌላው መኪና እስኪመጣ ኮምፕሬሰሩም ሰውየውም ትንፋሻቸውን ይሰበስባሉ። ያ ማረፊያ ትልቅ ቁም ነገር መሆኑን ያኔ ማን ነገረኝ?

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወጣን። የመጀመሪያው ፈተና ቋንቋ ሆነ። አረብኛ «ፐ» የለውም፤ ፔፕሲ ቤብሲ፣ ፓኪስታን ባኪስታን በሚሆንበት አገር የእኛም ፕላዝማ ብላዝማ፣ ኮምፕሬሰራችንም ኮምብረሰር ሆነ። ይሁን ብለን በየመንገዱ «ኮምብረሰር የት ይሸጣል?» እያልን ጠየቅን። ሁሉም በአንድ ቃል ወደ አንድ ሱቅ መራን። ገባን። ባለ ሱቁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ስንት ቶን?» አለ።

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረ። «ስንት ቶን ነው የሚለው? ኮምፕሬሰር ነው እንጂ ሲኖትራክ እንፈልጋለን አልነው እንዴ?»

ለካ በዚህ አገር ኮምብረሰር ሲባል መጀመሪያ በሰው ጭንቅላት የሚመጣው የኤሲ ነው። የኤሲ ጉልበት ደግሞ የሚለካው በቶን ነው። ሙቀቱን ላየ ሰው የሚያስገርም አይደለም። አመስግነን ወጣን፤ ያንን ሰው ግን አንባቢ ይያዝልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ባሕሬን ይረክሳል ያለንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የተከፈተው ድልድይ ከዚህ ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር ባሕር አቋርጦ እዚያ ያደርሳል። እኛ ድልድዩን የምናውቀው ከሩቅ ነው። በኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃድ፣ የሚኖር ሰው ኮምፕሬሰር ልገዛ ነው ብሎ ባሕር አያቋርጥም።

ትክክለኛው ሱቅ እዚያው ሰናኢያ ውስጥ ከአፍንጫችን ሥር ሆኖ ተገኘ። ሻጩ የኬረላ ሰው ነው፤ ሽቅርቅር ያለ፣ ጸጉሩን በቅባት ያስተኛ። የምንፈልገውን ስንነግረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አብሽር!» አለን። ጓደኛዬ ደነገጠ። በወሎ አብሽር የሚባለው መከራ ለደረሰበት ነው፤ አይዞህ፣ ያልፋል እንደማለት። እዚህ «እሺ፣ ይደረጋል» ነው። መንግሥትም ኢቃማችን መቼ እንደሚያልፍበት የምናይበትን የስልክ መተግበሪያ ስሙን አብሽር ብሎታል፤ ስከፍተው የሚሰማኝ ስሜት ግን ወደ ወሎው ያደላል። «ገና ሳንገዛ ያጽናናናል እኮ» አለኝ ጓደኛዬ በአማርኛ።

ሻጩ በኮምፕሬሰሮቹ መካከል እየተመላለሰ የእያንዳንዱን ሆድ በመዳፉ ይመታል። «ሹፍ! ሃምሳ ሊተር፣ ጠይብ። ሹፍ! ሚያ ሊተር፣ ጠይብ ጠይብ።» ሁለተኛውን ጠይብ ሲል የጓደኛዬ ፊት ተለዋወጠ። አረብኛ ካወቀ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጠይብ «ጥሩ» ማለት እንደሆነ ያውቃል። ነገር ግን ቃሉ ጆሮው የገባው በአረብኛ አይደለም። አያቱ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። ሰው ማረሻውን ከእጃቸው ተቀብሎ ሲመለስ መንገድ ላይ «ጠይብ» እያለ ያማቸው ነበር፤ ልጅ ሲያመው ቡዳ ናቸው ተብሎ የሚጠረጠሩት እሳቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሠራተኛን በሥራው እንዳይሰድቡ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ ቃሉ ወረዳ እስኪደርስ መንገዱ ረዝሞበት ይሆናል። እና አሁን የልጅ ልጃቸው ኮበር መጥቶ፣ ገንዘቡን ይዞ፣ አንድ ኬረላዊ በየዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ጠይብ ይለዋል።

«አያቴ ቢሰሙ» አለኝ፤ ከዚያም ሳቁ መጣና እዚያው ሱቅ መሃል ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሻጩም ያልገባውን ሳቅ አብሮ ሳቀ። «ጠይብ!» አለ በደስታ።

ከሳቁ በኋላ ግን ጓደኛዬ ቁም ነገሩን ያዘ። እንዲያስነሡለት ጠየቀና ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ሃምሳ ሊትሩ፣ ሞተሩ ቀጥታ ፓምፑ ላይ የተገጠመለት፣ እንደ ተናደደ ተርብ ጮኸ። «ይሄ ትንፋሹ አጭር ነው» አለ። በልጅነቱ ወናፍ እንዲጫን የሚቀመጠው እሱ ነበር። ወናፍ ሁለት የፍየል ቆዳ ስልቻ ነው፤ አፋቸው ላይ እንጨት አለ። መዳፍህን ከፍተህ ታነሣለህ፣ ዘግተህ ትጫናለህ። የቀኙ ሲተነፍስ የግራው ይስባል። አየሩ በሸክላ ቧንቧ እሳቱ ሆድ ይገባል፤ ለአፍታ ቢቋረጥ ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ አያትየው በጉጠቱ ጭንቅላት ይነካካሉ። ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ጆሮ ነው እንግዲህ «ትንፋሹ አጭር ነው» ያለው።

እኔ ደግሞ ሙሐንዲሱ ነኝ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ቆርቆሮ አነበብኩ፤ በደቂቃ 250 ሊትር። መመሪያው የሚጠይቀው 180። «ሰባ ሊትር ይተርፋል!» አልኩ፤ እንደ ትርፍ ሒሳብ። ዋጋውም ከጎረቤቱ በግማሽ ያነሰ ነው። ጓደኛዬ አንድ ጊዜ ወደ ጆሮው፣ አንድ ጊዜ ወደ ቆርቆሮዋ አየ። እኔ ስለጮኽኩ ቆርቆሮዋ አሸነፈች። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥፋት ሁሉ የእኔ ነው፤ ሱቁም ሻጩም የሉበትም።

የወርሻው ባለቤት ዓርብ ዓርብ ጥግ ላይ እንድንሞክር ፈቅዶልን ነበር። ጓደኛዬ ሦስት ሚሊ ላሜራ ላይ ጀበናውን በጠመኔ ሣለ። ታንከሩ 8 ባር ሞልቶ ጸጥ አለ። መነጽሩን አወረደ፣ ቁልፉን ተጫነ። ሰማያዊ ብርሃን ቱፍ አለና ላሜራውን እንደ ቅቤ ይሄድበት ጀመር። ከመቀመጫው ተነሥቶ በሆዱ ዞረ፣ አንገቱን ወጣ፣ አፉን አለፈ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ወደ ጆሮው ሲታጠፍ ብርሃኑ መንተባተብ ጀመረ። ታፍ… ታፍ… ጅራፉ ተልፈሰፈሰ፤ ብረቱ መቆረጡን ትቶ ይቀልጥ ጀመር፣ ከዚያም ጸጥ። ኮምፕሬሰሩ ብቻ ጥግ ላይ ነፍሱ እስኪወጣ ይጮኻል። የጀበናው ጆሮ በነበረበት ቦታ የተንጠባጠበ ብረት አለ።

ጓደኛዬ ፎቶ አንሥቶ ለእናቱ ላከ። ወዲያው ደወሉ። «ደህና ነው ልጄ፤ ሁሉም አምሯል። ግን ጆሮው የታል?»

ያን ሌሊት መመሪያውን ሳይሆን ራሴን ስመረምር አደርኩ። ቆርቆሮዋ ላይ የተጻፈው 250 ፓምፑ የሚስበው ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት በዙሩ ብዛት ሲባዛ የሚገኝ። የሚሰጠው ሌላ ነው። አየር ሲታመቅ ይግላል፣ በቫልቩ ያመልጣል፣ የቀረው ጭንቅላቱ ውስጥ ተጨናንቆ ለአዲሱ ቦታ ይከለክላል፤ ከሚስበው ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ መንገድ ላይ ይጥላል። ያልተጣራ ደመወዝና የተጣራ ደመወዝ ናቸው። ዕድሜዬን ሙሉ የደመወዝ ወረቀት ስቀበል የኖርኩ ሰው ይህን መሳቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

የተጣራውን የማወቂያ ዘዴ ግን አገኘሁ፤ የሚያስፈልገው የስልክ ሰዓት ብቻ ነው። በማግስቱ ታንከሩን ባዶ አደረግን፣ አስነሣነው፣ ጌጁ 4 ባር ሲደርስ ሰዓቱን ጀመርኩ፣ 7 ሲደርስ አቆምኩ። ሰባ ሰከንድ። ሃምሳ ሊትር ሆድ ሦስት ባር ሲጨምር የገባበት 150 ሊትር አየር ነው፤ ለሰባ ሰከንድ ሲካፈል በደቂቃ 130 ገደማ። ሰባ ሊትር ይተርፋል ያልኩት ሃምሳ ጎደለ።

የቀረውን በጣቴ ቆጠርኩት። ታንከሩ 8 ባር ሲሞላ ሞተሩ ይተኛል፤ 6 እስኪወርድ አይነሣም። ከ8 ወደ 6 ያለው 100 ሊትር ነው፤ በደቂቃ 180 ለሚውጥ ማሽን ሠላሳ ሦስት ሰከንድ። ከዚያ ሞተሩ ነቅቶ ያለውን ይሰጣል፣ ግን በየደቂቃው ሃምሳ ይጎድለዋል፤ ከ6 ወደ 5.5 ያለችው 25 ሊትር ሌላ ግማሽ ደቂቃ ታቆያለች። ድምሩ አንድ ደቂቃ ከሦስት ሰከንድ። የጀበናው ጆሮ የሚገኘውም ልክ እዚያ ላይ ነው።

ጓደኛዬ ቁጥሩን ስነግረው አላዳመጠኝም፤ እሱ የገባው በሌላ በኩል ነው። «ታንከሩ መሶቡ ነው» አለ። «ፓምፑ ምጣዱ። እንግዳ ሲመጣ መሶቡ ትልቅ መሆኑ ለመጀመሪያው ዙር ያግዛል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያዋጣው ምጣዱ ነው። ይሄ ፕላዝማ ደግሞ ጾም እንደ ፈታ እንግዳ ነው። የእኛ ኮምፕሬሰር መሶቡ ሊያልቅ ሲል ነው እሳት የሚያነደው።» ለዚህ ነገር ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በየትኛውም መመሪያ ላይ አላነበብኩም።

ስሕተቱ የእኔ ብቻ አለመሆኑ ትንሽ ያጽናናኛል። ከአገር ቤት የሚደውልልኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ታንከሬ ነው። «ስንት አጠራቀምክ?» በወር ስንት ይገባል፣ ስንት ይወጣል ብሎ ፓምፔን የጠየቀኝ አንድ ዘመድ የለኝም። ሁሉም ሆዴን በመዳፉ መትቶ ሚያ ሊተር ብሎ ይዘጋል።

ጓደኛዬ ተስፋ አልቆረጠም። «እዚሁ ዳህራን» አለኝ፤ «ነዳጁ የወጣው በሰባተኛው ጉድጓድ አይደል?» እውነቱን ነው። ከደማምና ከኮበር መካከል ያለው 7 ቁጥር ጉድጓድ እ.ኤ.አ. በ1938 ነዳጅ የሰጠው ከእሱ በፊት የተቆፈሩት ለገበያ የሚበቃ ሳይሰጡ ቀርተው ነው። «እሱ ግን ገንዘቡ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ነበር» አልኩት። የመጀመሪያውን ኮምፕሬሰር ለአንድ የባንግላዴሽ ጎማ ሠሪ በኪሳራ ሸጥነው። ጎማ ነፍቶ ያርፋል፣ ነፍቶ ያርፋል። ቦታውን አገኘ።

ለሁለተኛው ስንሄድ ሕጋችንን ይዘን ሄድን። ማሽኑ ከሚፈልገው የተጣራ አየር አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ፤ ምክንያቱም ፒስተን እንደ ሰው ነው፣ ከደቂቃው ሲሶውን ካላረፈ ይነዳል። ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ ሞተሩና ፓምፑ ጎን ለጎን ሆነው በቺንጋ የተያያዙ፣ ፑሌጃው ትልቅ፣ ዙሩ ዝግ ያለ። ሻጩ አሁንም ሆድ ሊመታ ሲዘጋጅ ጓደኛዬ እጁን ያዘውና «ስታርት» አለው። ባለ 3 የፈረስ ጉልበቱ መቶ ሊትር ዱግ ዱግ አለ። የጎሚስታው ድምፅ! ጓደኛዬ ዐይኑን ጨፈነ። «ይሄ ይተነፍሳል» አለ፤ «የቀኙ ሲሰጥ የግራው ይስባል።» እኔም ሰዓቴን አወጣሁ፤ ከ4 ወደ 7 በስልሳ ስምንት ሰከንድ። ሆዱ እጥፍ ሆኖ ሳለ ያኛውን በሁለት ሰከንድ ቀደመው፤ 265 ሊትር በደቂቃ፣ የተጣራ። ቆርቆሮዋ 390 ትላለች። ይቅር ብያታለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮና ቁጥር ተስማሙ። ሻጩ «ጠይብ?» አለ። «ጠይብ» አለው ጓደኛዬ፣ ፊቱ ሳይለዋወጥ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር፤ ሐምሌ ግን መጣ።

ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው ቀላል ነው። እዚህ አገር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። ኮምፕሬሰሩ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ስለሆነ ሕጉ አይመለከተውም፤ ሆኖም ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ሞተሩ ግሎ የራሱ መከላከያ ያጠፋዋል። ሳይቀዘቅዝ በልመናም አይነሣም። ደንቡን አንብቦ የመጣ እንጂ ብረት አይመስልም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። አየሩ እያለ፣ ግፊቱ እያለ፣ ብርሃኑ እንደገና ታፍ ታፍ ማለት ጀመረ። ጫፉን ፈትተን አየነው። እዚያች መዳብ ኤሌክትሮድ ራስ ላይ ሃፍኒየም የሚባል ብረት ተቀብሯል፣ ከስፒል ራስ አይበልጥም፤ ሙሉውን እሳት የሚሸከም እሱ ነው። ጉድጓድ ሆኖ ቀርቷል። ቀዳዳዋም ክብነቷ ጠፍቶ የአልማዝ ቅርፅ ይዛለች። በአንድ ዓርብ ሦስት ጫፍ በላ። ጓደኛዬ ታንከሩ ሥር ያለችውን ቡሎን ሲፈታት ቡና በወተት የመሰለ ዝገታም ውሃ ፊቱ ላይ ተረጨ።

ወንጀለኛው ባሕረ ሰላጤው ነው። ዳህራን ላይ እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2003 የጤዛ ነጥቡ 35 ዲግሪ ደርሶ ነበር፤ በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ይህ ማለት በ35 ዲግሪ ሙቀት ላይ ያለ ብርጭቆ ላብ ያልበዋል ማለት ነው፤ የቧንቧ ውሃ የሞላበት ብርጭቆ! እንዲህ ባለ ቀን አንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 39 ግራም ገደማ ውሃ አለ። ማሽናችን አንድ ሰዓት ሙሉ ቢቆርጥ ከአሥር ሜትር ኩብ በላይ አየር ይውጣል። ቆጠርኩት፤ በሰዓት ከ400 ግራም በላይ ውሃ። አንድ ትንሽ ጀበና ሙሉ። የብረት ጀበና ልንቆርጥ ገብተን የውሃ ጀበና ስንቀዳ ከርመናል።

ሰዎች ማጣሪያ ግጠሙ አሉን። ፓምፑ አፍ ላይ ገጠምን፤ አንዲት ጠብታ አልያዘም። አየሩ ከፓምፑ ሲወጣ ስለሚፋጅ ውሃው ገና እንፋሎት ነው፤ እንፋሎት ደግሞ ወንፊት አይዘውም። መጀመሪያ መቀዝቀዝ አለበት። ዘዴውን ያሰበው እኔ ሳልሆን ጓደኛዬ ነው፦ ረጅም የመዳብ ቱቦ እንደ ዘንዶ ጠምዝዞ ባልዲ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ማጣሪያውን ከባልዲው በኋላ ማድረግ። አገር ቤት አረቄ የሚወጣው እንዲህ ነው አልኩት። እሱ እንኳን ሊቀምሰው ስሙንም አይጠራም፤ አልሰማሁም ብሎ አለፈኝ።

የመዳብ ቱቦ የት ይገኛል? ኤሲ ሱቅ። ባለ ሱቁ ቀና ሳይል «ስንት ቶን?» አለን። «አሥር ሜትር» አልነው። አሁን ቀና አለ።

የባልዲው ውሃ ግን በቆርቆሮው ጣሪያ ሥር እስከ ቀትር ሻይ ሆኖ ይጠብቀናል። ስለዚህ በረዶ መግዛት ተጀመረ። ዓርብ ዓርብ ከበቃላው፣ ከሰፈሩ ሱቅ፣ ሁለት ከረጢት በረዶ ይዤ ስመጣ የወርሻው ሰዎች በጉጉት ይነሣሉ። በረዶውን ባልዲው ውስጥ ስገለብጠው ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። እኛ ከፕላስቲክ የሞቀ ውሃ እየጠጣን ኮምፕሬሰሩን በረዶ እናጠጣለን። አንድ ፓኪስታናዊ ቀለም ቀቢ «የዚህ ማሽን ከፊል፣ አሠሪው፣ ማነው?» ብሎ ጠየቀን፤ እንዲህ የሚንከባከብ ከፊል አይቶ አያውቅም።

ማጣሪያዋ ብርጭቆ ሥር ውሃው ጠብ ጠብ ሲል አየን። ጥርት ያለ። ያን ቀን ጀበናው ከመቀመጫው እስከ ጆሮው፣ ከጆሮው እስከ መቀመጫው ሳያነክስ ዞረ። የተቆረጠው ላሜራ መሬት ላይ ሲወድቅ ያሰማውን ድምፅ ስልኬ ላይ ቀድቼዋለሁ። እናትየው ፎቶውን አይተው ደወሉ። «እሰይ! አሁን ጆሮ አወጣ» አሉ። ትንሽ ዝም ብለው፦ «ክዳኑስ?»

በሩ በካርጎ ሄዷል፤ ክዳኑም ለብቻው ተቆርጦ። ጓደኛዬ አሁን የሚያስበው ራሱን ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጠቅልሎ ሊገባ፣ ኮምቦልቻ ወርሻ ሊከፍት፣ ሳጥኑንም ኮምፕሬሰሩንም ይዞ ሊሄድ። ትናንት ማታ ጫኚዎቹ ዋጋ ሲነግሩት ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ሙሐንዲስ፣ እዚያም ይሠራል አይደል?» አለኝ።

ሰው ዝም ማለት የሚችልበት ጊዜ አለ። እኔ ብዕር አወጣሁ። የሳዑዲ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ የእኛው 50። ሞተሩ እዚህ በደቂቃ 1,725 ከዞረ እዚያ 1,440 አይሞላም፤ አየሩም ስድስተኛ እጁን ይጥላል፣ ሞተሩም ባልለመደው ይግላል። 265 የነበረው 220 ገደማ ሆነ። «ይበቃል» አለ ጓደኛዬ። ይበቃ ነበር፤ ግን ኮበር ባሕር ጠርዝ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,800 ሜትር አልፎ ተራራ ሥር ነው። አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ ከአምስት አንዱ የለም። ያው ፓምፕ ያው ሳምባ፣ የሚስበው ግን ያነሰ። ደግሜ አባዛሁ፣ ቀነስኩ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርኩ፦ 177። ማሽኑ የሚፈልገው 180።

ወረቀቱን አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየው።

«ሦስት ሊትር ነው የጎደለው?»

«ሦስት ሊትር።»

«ለሦስት ሊትር ነው ይሄን ሁሉ ፊት ያጠቆርክብኝ?» አለና ወረቀቱን አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው። «የአያቴ ወናፍ እኮ እናቴ ቤት ቆጡ ላይ አለ።»